ድምፅ ወደ መቀመጫ ሲለወጥ፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

ባለፈው እትም በዚህ አምድ፣ ፈረንሳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ሞሪስ ዱቨርዤ በምርጫ ሥርዓትና በፓርቲዎች ውድድር ላይ ያካሄደውን ጥናት በአጭሩ አቅርበን ነበር። ዱቨርዤ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ብቻ በአብላጫ ድምፅ የሚመረጥበት ሥርዓት ውሎ አድሮ ወደ ሁለት ፓርቲዎች ፉክክር እንደሚያመራ፣ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን መቀመጫ የሚካፈሉበት የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት ግን ለብዙ ፓርቲዎች በር እንደሚከፍት ተከራክሯል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ከጅማ ከተማ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ ሰፊ ማብራሪያ የሚሹትን ሰፋ፣ ባጭሩ የሚመለሱትን አጠር አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ በጅሬን አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ጽሑፋችሁን ለተማሪዎቼ ካነበብኩላቸው በኋላ አንዱ፣ «ታዲያ ኢትዮጵያ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአብላጫ ድምፅ ስትመርጥ ሁለት ጠንካራ ፓርቲዎች ለምን አልተፈጠሩም?» ሲል ጠየቀኝ። የሚያረካ መልስ አልሰጠሁትም። ዱቨርዤ ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ተማሪዎ የጠየቀው ተመራማሪዎችም ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበትን ነጥብ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዱቨርዤ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ከአቆጣጠሩ በቀጥታ የሚመጣ ውጤት ነው፤ አንድ መቀመጫ ብቻ ባለበት የምርጫ ክልል ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ምንም ያህል ድምፅ ቢያገኙ ባዶ እጃቸውን ስለሚመለሱ፣ ደጋፊዎቻቸው በየቦታው የተበታተኑባቸው ፓርቲዎች በምክር ቤት የሚኖራቸው ድርሻ ካገኙት ድምፅ በእጅጉ ያንሳል። ሁለተኛው በሰዎች አእምሮ ውስጥ የሚካሄደው ስሌት ነው፤ መራጩም፣ ለዕጩነት የሚያስበውም፣ ገንዘብ የሚያዋጣውም ይህን አቆጣጠር አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ የማሸነፍ ተስፋ የሌለውን ትተው ተስፋ ወዳለው ይሰባሰባሉ። የፉክክሩ ጎራ ወደ ሁለት የሚጠብበው በዋናነት በዚህ ሁለተኛ ስሌት ነው።

ከዱቨርዤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ሳይጥሉ ሁለት ዋና ዋና እርማቶች አድርገውበታል። አንደኛው፣ ስሌቱ የሚሠራው በየምርጫ ክልሉ እንጂ በአገር ደረጃ አይደለም የሚል ነው። አሜሪካዊው ጋሪ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ በቁም ነገር የሚፎካከሩት ዕጩዎች ወይም የፓርቲ ዕጩዎች ዝርዝሮች ብዛት ከመቀመጫዎቹ ቁጥር በአንድ የሚበልጥ ጣሪያ አለው፤ ለአንድ መቀመጫ ሁለት፣ ለአምስት መቀመጫ ስድስት ማለት ነው። ነገር ግን በጅማ የሚፎካከሩት ሁለቱ ፓርቲዎች በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ከሚፎካከሩት ሁለቱ ጋር አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1993 የተካሄደው ምርጫ ጥሩ ማሳያ ነው። በኬቤክ ግዛት ብቻ የተወዳደረው ብሎክ ኬቤኳ በአገር አቀፍ ደረጃ 13.5 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 54 መቀመጫዎችን ሲይዝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አገሪቱን ሲመራ የነበረው የፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ 16 በመቶ አግኝቶ 2 መቀመጫ ብቻ ቀረው። ድምፁ በአንድ አካባቢ የታጨቀ ፓርቲ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይጠቀማል፤ የሚጎዳው ድምፁ በመላው አገር ስስ ሆኖ የተዘረጋው ነው። ፕራዲፕ ቺበርና ኬን ኮልማን የተባሉ ተመራማሪዎችም የሕንድን፣ የካናዳን፣ የብሪታንያንና የአሜሪካን የረጅም ዘመን ውጤቶች መርምረው፣ ሥልጣንና በጀት ወደ ማዕከላዊ መንግሥት ሲሰበሰብ ፓርቲዎች በመላው አገር አንድ ስም ይዘው ለመወዳደር እንደሚገፋፉ፣ ሥልጣኑ ወደ ክልሎች ሲወርድ ግን ክልላዊ ፓርቲዎች እንደሚበረቱ አሳይተዋል። ፌዴራላዊ በሆነችው አገራችን ክልላዊ ፓርቲዎች መብዛታቸው እንግዲህ ከዚህ ጥናት ጋር አይጋጭም።

ሁለተኛው እርማት ግን የተማሪዎን ጥያቄ ይበልጥ የሚመልስ ይመስለኛል። ኮክስ የመራጮች ስሌት የማይሠራባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ አንዱ አሸናፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የታወቀበት ውድድር ነው ብሏል። ማን እንደሚያሸንፍ ከታወቀ፣ ሦስተኛ ሊወጣ የሚችለውን ዕጩ የሚደግፍ ሰው ሁለተኛ ወደሚወጣው የሚዞርበት ምክንያት የለውም፤ ፓርቲዎቹም ለመጣመር የሚከፍሉት ዋጋ ምንም የሚመልስላቸው ነገር አይኖርም። የዱቨርዤ ሐሳብ እንዲሠራ ውጤቱ ክፍት መሆን አለበት።

ይህን ይዘው የእኛን ምርጫዎች ይመልከቱ። ለ1997 ዓ.ም. ምርጫ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ክርክር ተካሄደ፣ ሕዝቡም ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል ብሎ አመነ። ወዲያውም ዱቨርዤ እንደጠበቀው መሰባሰቡ መጣ፤ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ዳመና «ቅንጅት» ሲሆኑ፣ ሌሎች ፓርቲዎች ደግሞ በ«ኅብረት» ተሰባሰቡ። ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ይዘው ሲወጡ፣ በአዲስ አበባ ያሉትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ የወሰደው ቅንጅት ነበር። ከውጤቱ በኋላ ውዝግብ ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፣ የተቃዋሚ መሪዎችም ታሰሩ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫዎችን ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ከእነርሱ ውጭ ወደ ምክር ቤቱ የገባ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በእኛው ክልል ኦፌኮና ኦነግ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ ወጡ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የአቆጣጠር ሕጉ ያው አንድ ነው። የተለዋወጠው ውጤቱ ክፍት ነው ብሎ ለማመን የሚያስችል ምክንያት መኖሩና አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ዱቨርዤ ተሳስቷል ከማለት ይልቅ፣ ሐሳቡ የሚጠይቀው ሁኔታ እኛ ዘንድ የተሟላው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው ማለቱ ለእውነት የቀረበ ነው። የተቃዋሚዎች አለመስማማት ነው ሁሉን ያበላሸው የሚለው የተለመደ ክስ ግማሽ እውነት ብቻ እንዳለው የማምነው ለዚህ ነው፤ መስማማት የሚያስገኘው ጥቅም በሌለበት መለያየት አያስደንቅም።

ለክፍልዎ አንድ መልመጃ ልጠቁም። ኮክስ ስሌቱ መሥራቱን የሚፈትሽበት ቀላል መንገድ አለው፤ ሦስተኛ የወጣው ዕጩ ያገኘውን ድምፅ ሁለተኛ ለወጣው ድምፅ ማካፈል ነው። ውጤቱ ወደ ዜሮ ከቀረበ መራጮች ሦስተኛውን ትተው ተሰባስበዋል ማለት ነው፤ ወደ አንድ ከቀረበ ደግሞ አልተሰባሰቡም፣ ወይም ከሁለቱ ማን እንደሚሻል ማወቅ አልቻሉም። የምርጫ ጣቢያ ውጤት ቆጠራው እንዳለቀ በጣቢያው ስለሚለጠፍ፣ ተማሪዎችዎ በሚቀጥለው ምርጫ ማግስት ደብተር ይዘው የየሰፈራቸውን ቁጥር ገልብጠው ማምጣትና የምርጫ ክልሉን ውጤት ራሳቸው ደምረው ማካፈል ይችላሉ። ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያስተምራቸዋል።

ጥያቄ፦ በሂርማታ መርካቶ ቡና እነግዳለሁ። ለትንሽ ፓርቲ ድምፅ የሰጠ ሰው ድምፁን አባከነ ይባላል። ባለፈው ይህን ብዬ ከወንድሜ ጋር ተጣላን። እውነቱ የማን ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። በአንድ የምርጫ ክልል 40,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል፤ አንደኛው ዕጩ 16,000፣ ሁለተኛው 13,000፣ ሦስተኛው 11,000 አገኙ። መቀመጫው የመጀመሪያው ነው፤ 24,000 ሰው ግን ያልመረጠው ተወካይ አለው። ከሦስተኛው ደጋፊዎች 3,001 ያህሉ ወደ ሁለተኛው ቢዞሩ ኖሮ አሸናፊው ይለወጥ ነበር። እርስዎ ያሉት ይህን ከሆነ ትክክል ነዎት። ወንድምዎ ግን፣ ሦስተኛው ፓርቲ ዛሬ 11,000 ድምፅ ማግኘቱ ካልታየ በሚቀጥለው ምርጫ ሁለተኛ ሊሆን እንደሚችል ማንም አያውቅም ቢሉ እርሳቸውም ትክክል ናቸው። መራጭ ለዛሬ ብቻ አይመርጥም።

ድምፅ መባከኑ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የሠራተኞች ፓርቲ 33.7 በመቶ ድምፅ ይዞ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን ሲወስድ፣ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ በ14.3 በመቶ ድምፅ 5 መቀመጫ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12.2 በመቶ 72 መቀመጫ አግኝተዋል። ያነሰ ድምፅ ያገኘው ብዙ እጥፍ መቀመጫ የወሰደው ጉልበቱን ሊያሸንፍባቸው በሚችሉ የምርጫ ክልሎች ላይ በማዋሉ ነው። በተመጣጣኝ ውክልናም ቢሆን ድምፅ ይባክናል። በቱርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ10 በመቶ በታች ያገኘ ፓርቲ ምክር ቤት አይገባም የሚል ሕግ ስለነበረ ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ገደቡን አለፉ፤ ከመራጩ 45 በመቶ ያህሉ የሰጠው ድምፅ ያለ ውክልና ቀረ፣ 34.3 በመቶ ያገኘው ፓርቲ ደግሞ ከ550 መቀመጫዎች 363ቱን ወሰደ። እንግዲህ ድምፁን የሚጥለው ሥርዓቱ ነው፤ በመራጩ ላይ ጥፋት ማየት ተገቢ አይመስለኝም። ከወንድምዎ ጋር ቢታረቁ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በንባብ ላይ «ውጤታማ የፓርቲዎች ቁጥር» የሚል አገላለጽ ገጥሞኝ አልገባኝም። በአገራችን ምርጫ ምሳሌ ብታሳዩኝ?

መልስ፦ መለኪያው ማርኩ ላክሶና ራይን ታገፔራ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ነው። የተመዘገቡ ፓርቲዎችን መቁጠር ብዙ አይነግረንም፤ ሃምሳ ፓርቲ ተመዝግቦ አንዱ ብቻ ሁሉን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ፓርቲ የመቀመጫ ድርሻ በራሱ ይባዛል፣ ሁሉም ይደመራል፣ በመጨረሻም አንድ ለድምሩ ይካፈላል። ሁለት እኩል ፓርቲዎች ቢኖሩ 0.5 በ0.5 ተባዝቶ 0.25፣ የሁለቱ ድምር 0.5፣ አንድ ሲካፈል ለ0.5 ሁለት ይሆናል። አሁን በ1997 ዓ.ም. ያየነውን ውጤት ያስገቡ፤ ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫ 327 ሲይዝ ድርሻው 0.598፣ በራሱ ሲባዛ 0.357 ይሆናል፤ ቅንጅትን፣ ኅብረትንና ሌሎቹን ጨምረው ሲያሰሉ ቁጥሩ 2.4 ገደማ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ስለያዘ ቁጥሩ ወደ 1.1 ይወርዳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኢሕአዴግ አራት ድርጅቶች የነበሩበት ግንባር ነበረና እንደ አንድ ፓርቲ ከመቁጠር ይልቅ አራቱን ለየብቻ ቢቆጥሩ የ1997ቱ ቁጥር ከፍ ይላል። ለጥናት ወረቀትዎ የትኛውን እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ መጻፍዎን አይርሱ፤ አንባቢ ቁጥሩን ሊፈትሽ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የምኖረው በቦሳ አዲስ ነው። በጃንሆይ ዘመን ስንመርጥ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ያለ ፓርቲ ውድድር ይኖራል ትላላችሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ ያኔ የመረጡት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሂዶ፣ ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ቀጥሏል፤ ከእያንዳንዱ የምርጫ ወረዳም ሁለት ሁለት እንደራሴዎች ይመረጡ ነበር። ውድድር ነበረ፤ ግን የሰው ከሰው ጋር እንጂ የሐሳብ ከሐሳብ ጋር አልነበረም። ለዕጩነት ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ስሙና ሀብቱ የታወቀ ሰው ይቀድማል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች ፓርቲ ያስፈልጋል የሚሉትም በዚህ የተነሣ ነው፤ መራጩ በሚቀጥለው ምርጫ የሚጠይቀው ወይም የሚቀጣው አንድ የታወቀ አካል ሊኖረው ይገባል። ተመራጩ ብቻውን ከገባ፣ ቃሌን ያልፈጸምኩት ሌሎቹ አልስማማ ብለውኝ ነው ቢል የሚከራከረው የለም። ዛሬም የግል ዕጩ አልፎ አልፎ ያሸንፋል፤ በ2002 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ውስጥ የነበረው ብቸኛ የግል ተመራጭ ከጎረቤታችን ከካፋ፣ ከቦንጋ የተመረጠ ነበር።

ጥያቄ፦ መንቲና ነው የምኖረው። ጅማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ካፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት። በምርጫ ሰሞን ግን ሰው ሁሉ ወደየብሔሩ የሚያይ ይመስለኛል። ይህን የሚያመጣው የምርጫ ሥርዓቱ ነው ወይስ እኛው ነን?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ የዳንኤል ፖስነርን አስቀድማለሁ። ፖስነር ያጠናው ዛምቢያን ነው። ዛምቢያ 70 ገደማ ጎሳዎችና ቤምባ፣ ኛንጃ፣ ቶንጋ፣ ሎዚ የተባሉ አራት ሰፋፊ የቋንቋ ክፍሎች አሏት፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የጎሳውም የቋንቋውም አባል ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1991 በአንድ ፓርቲ ስትመራ ውድድሩ በየወረዳው በአንድ ፓርቲ አባላት መካከል ብቻ ስለነበረ ሰዎች የሚሰለፉት በጎሳ ነበር። የብዙ ፓርቲዎች ምርጫ ሲመጣ ግን ጥያቄው ማን አገሪቱን ይምራ የሚል ሆነና እነዚያው ሰዎች በቋንቋ ክፍላቸው መሰለፍ ጀመሩ። ሰው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የትኛው ስብስብ ለማሸነፍ በቂ ይሆናል የሚለው ስሌት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን «ሥርዓቱ ወይስ እኛ» ብለን ሳንከፍለው፣ ሥርዓቱ ካሉን ብዙ ማንነቶች የትኛውን እንድናወጣ ያበረታታል ብለን ብንጠይቀው ይሻላል።

መድኃኒቱ ላይ ግን ተመራማሪዎች አይስማሙም። አሬንድ ላይፕሃርት እያንዳንዱ ቡድን በተመጣጣኝ ውክልና ተወካዮቹን ያስገባ፣ መሪዎቹም ሥልጣን ተጋርተው ይወስኑ ይላል። ዶናልድ ሆሮዊትዝ ደግሞ እንዲህ ከሆነ መሪዎች ከቡድናቸው ውጭ ድምፅ የሚለምኑበት ምክንያት ያጣሉ ብሎ፣ መራጩ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል የሚመርጥበትን ሥርዓት ይደግፋል። ለዚህ የሚጠቀሰው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው። በአብላጫ ድምፅ ሲመርጡ በአንድ መቀመጫ ላይ በርካታ ዕጩዎች ይቀርቡና አንዳንዱ ከ10 በመቶ በታች በሆነ ድምፅ ያሸንፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 አጠቃላይ ምርጫ ጀምሮ ግን መራጩ ሦስት ዕጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲመርጥ ስለተደረገ፣ ዕጩው «አንደኛ ባታደርጉኝ እንኳ ሁለተኛ አድርጉኝ» ብሎ ወደ ሌላው ጎሳ መንደር መሄድ አስፈለገው።

ናይጄሪያና ኬንያ የያዙት ሌላ መንገድ ነው። በኬንያ ለፕሬዚዳንትነት የሚያሸንፍ ሰው ከግማሽ በላይ ድምፅ ከማግኘቱ ሌላ፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በላይ በሆኑት ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት አለበት። በእኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው በምክር ቤት በመሆኑ ይህ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲጠበቅ ደንግጓል፤ ነገር ግን ይህ ድንጋጌ በራሳቸው አካባቢ የሚኖሩትን እንጂ በጅማ ከተማ ተበታትነው የሚኖሩትን አይደርስም። እኔ በበኩሌ እንደ ጅማ ላሉ ከተሞች የሆሮዊትዝ ሐሳብ ይስማማቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ የመንቲናው ዕጩ ድምፅ ለማግኘት ከጎረቤቱ ደጃፍ መቆም ካለበት ስለ ጎረቤቱ ክፉ ለመናገር ይከብደዋልና። ሆኖም ቅደም ተከተል የሚጻፍበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ማንበብ ለማይችል መራጭ እንዴት ይቀርባል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ይህን ያላሰበ ማሻሻያ በመራጩ ላይ ሌላ በደል ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የምንማር ጓደኛሞች ነን። በአጭሩ፣ ኢትዮጵያ ወደ ተመጣጣኝ ውክልና ብትሻገር አይሻልም? ምን ይከለክላል?

መልስ፦ መጀመሪያ አሠራሩን በቅርብ እንመልከት። ለቡና ነጋዴው የሰጠሁትን ምሳሌ ውሰዱ፤ ሦስት ፓርቲዎች 16,000፣ 13,000 እና 11,000 ድምፅ አግኝተዋል፣ አሁን ግን የምርጫ ክልሉ አምስት መቀመጫ አለው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የዶንት ስሌት የእያንዳንዱን ድምፅ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እያለ ያካፍላል። የመጀመሪያው ፓርቲ 16,000፣ 8,000፣ 5,333 ይኖረዋል፤ ሁለተኛው 13,000፣ 6,500፣ 4,333፤ ሦስተኛው 11,000፣ 5,500፣ 3,667። ከእነዚህ አምስቱ ትልልቅ ቁጥሮች 16,000፣ 13,000፣ 11,000፣ 8,000 እና 6,500 ስለሆኑ መቀመጫው ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ሆኖ ይከፈላል። በአንድ መቀመጫ ባዶ እጃቸውን የቀሩት 24,000 መራጮች አሁን ሦስት ተወካዮች አሏቸው። ልዩነቱን ያመጣው «ተመጣጣኝ» የሚለው ስም ሳይሆን የምርጫ ክልሉ የመቀመጫ ብዛት መሆኑን ልብ በሉ፤ ሁለት መቀመጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ፓርቲ ከነ11,000 ድምፁ ምንም አያገኝም ነበር። ስለ ምርጫ ሥርዓት በሚደረጉ ውይይቶች ይህ የመቀመጫ ብዛት በበቂ አለመነሣቱ ያሳስበኛል።

ሌሶቶ ለእኛ ቅርብ የሆነ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1998 የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ። የተሸነፉት ወደ ጎዳና ወጡ፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ፣ ዋና ከተማዋ ማሴሩም ተቃጠለች፣ ተዘረፈች። ከዚያ በኋላ ተደራድረው 80ዎቹን መቀመጫዎች በአብላጫ ድምፅ እንዳሉ ትተው፣ ካገኙት ድምፅ ያነሰ መቀመጫ ለደረሳቸው ፓርቲዎች የሚሰጡ 40 ማካካሻ መቀመጫዎች ጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚህ ቅይጥ ሥርዓት ተመርጠው ተቃዋሚዎች ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሽ ፓርቲዎች ጋር ተስማምተው በአንድ ስም ለምርጫ ክልሉ፣ በሌላ ስም ለማካካሻው ተወዳደሩና የማካካሻውን ዓላማ አፈረሱት፤ ሕጉ በድጋሚ ተሻሽሎ መራጩ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ። ጥሩ ሥርዓትም ቢሆን ብልጣ ብልጦችን አስቦ ካልተጻፈ ይጣመማል።

የደቡብ አፍሪካ ሥርዓት ደግሞ ያለ ዝቅተኛ ገደብ የሚሠራ ተመጣጣኝ ውክልና ነው። ለሠላሳ ዓመት አብላጫውን ይዞ የቆየው ኤ.ኤን.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2024 40.2 በመቶ ሲያገኝ ከ400 መቀመጫዎች 159 ብቻ ያዘ፣ ከሌሎች ጋር መንግሥት ለመመሥረትም ተገደደ። በአብላጫ ድምፅ ቢሆን ኖሮ በዚያው 40 በመቶ ብቻውን የሚገዛበት ዕድል ሰፊ ነበር። ሆኖም በዚህ ሥርዓት የዕጩዎቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው የፓርቲው አመራር ስለሆነ፣ የወረዳው ሰው «የእኔ ተወካይ ማን ነው?» ብሎ በስም የሚጠይቀው ሰው ያጣል። መንገዱ ቢበላሽ፣ የቡና ዋጋ ቢወድቅ ለማን እንደሚያመለክት ማወቅ ለሚፈልግ ሕዝብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ እኔ ወደ ቅይጥ ሥርዓት አደላለሁ። ነገር ግን ለመምህሩ እንዳልኩት፣ ተፎካካሪው ስብሰባ መጥራት፣ ጽሕፈት ቤት መክፈትና ታዛቢ ማስቀመጥ ካልቻለ የትኛውም ስሌት ውድድር አይፈጥርለትም፤ ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ የሚካፈለው ነገር የለውም።

ምን ይከለክላል ላላችሁት፣ መልሱ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ባገኘ ዕጩ አሸናፊነት እንደሚመረጡ፣ ቁጥራቸውም ከ550 እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ዛሬ 547 መቀመጫዎች ስላሉ፣ እንደ ሌሶቶ ማካካሻ መቀመጫ ልጨምር ቢባል የሚቀረው ሦስት ብቻ ነው። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ጋር ባደረገው ድርድር ቅይጥ ሥርዓት ለመጀመር መግባባት ላይ ተደርሶ የነበረ ቢሆንም አልተተገበረም፤ የ2013ቱም ምርጫ በቀድሞው ሥርዓት ተካሂዷል። በአንቀጽ 105 መሠረት ይህን ለመለወጥ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ፣ ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛዎቹም እያንዳንዳቸው በአብላጫ ድምፅ መቀበል አለባቸው። ከእነዚህ ምክር ቤቶች አንዱ ጨፌ ኦሮሚያ ነው፤ ሐሳባችሁን በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ከጅማ ለተመረጡት የጨፌው አባላት ማቅረብ ትችላላችሁ።